ለተማሪዎች ቪዲዮ የተቀዳ ሙዚቃ ለመጠቀም ፈቃዱ ከማን ይገኛል?

ጥያቄውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። በአዲስ አበባ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጪ ደግሞ የሚኒ ሚዲያ ክበቡን አስተባብራለሁ። ባለፈው ዓመት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ቀበና ወንዝ የ9 ደቂቃ ቪዲዮ ሠርተው ነበር። ወንዙ ዳር ያደጉ አንዲት አዛውንት እናት በውኃው ልብስ ይታጠብበት የነበረውን ዘመን እያስታወሱ የሚናገሩበት ቦታ የሥራው እምብርት ስለነበር፣ ልጆቹ ከንግግራቸው ሥር አንድ የታወቀ የትዝታ ዘፈን በማጀቢያነት አስገቡ። ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ እንደተጫነ ዘፈኑ ተለይቶ የባለመብትነት ጥያቄ ቀረበበትና እንዳይታይ ታገደ። የወላጆች በዓል በማግስቱ ስለነበር፣ አርትዖቱን የሠራው ልጅ ዩቲዩብ ራሱ ባዘጋጀው መሣሪያ ዘፈኑ ያለበትን ክፍል ድምፅ ዘጋው፤ ነገር ግን ከዘፈኑ ጋር ንግግሩም አብሮ ተዘጋ። በበዓሉ ዕለት እኚያ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ የገዛ ከንፈራቸው በሸራው ላይ ያለ ድምፅ ሲንቀሳቀስ ተመለከቱ። እኔም ልጆቹን ስለ ካሜራ አያያዝና ስለ ቃለ መጠይቅ ሳስተምር ከርሜ፣ የሰው ሥራ ሲወሰድ ባለቤቱ እንደሚጠየቅ አንድም ቀን አለማስተማሬ ያን ጊዜ ታወቀኝ።

ስለዚህ ለመምህራን፣ ለሕግ ሰዎችና ለሙዚቃ ባለሙያዎች ጥያቄዬን አቀረብኩ። አንድ ተማሪ የተቀዳ ዘፈን በቪዲዮው ውስጥ ማስገባት ቢፈልግ ማንን ያስፈቅዳል፣ እንዴትስ ያስፈቅዳል፣ ለትምህርት መሆኑስ ከፈቃድ ነፃ ያደርገዋል ወይ ነበር ያልኩት። የመጡትን 21 መልሶች፣ የጠቀሙኝንም የተቆጡኝንም፣ በየተራቸው እተርካለሁ።

1ኛውን መልስ የጻፉት በሐዋሳ የሚያስተምሩ የሥራ ባልደረባ ናቸው። በትሕትና ሰላምታ ጀምረው፣ እሳቸው ለብዙ ዓመታት የድምፃዊውን ስም በቪዲዮው መጨረሻ ላይ እየጻፉና መብቱ የባለቤቱ መሆኑን እየገለጹ ሲሠሩ ችግር እንዳላጋጠማቸው፣ እኔም እንደዚያው ባደርግ እንደሚበቃ መከሩኝ።

2ኛው መልስ ይህን አቃና። ጸሐፊዋ ጠበቃ ናቸው፤ ስም መጥቀስ ግዴታ እንጂ የፈቃድ ምትክ እንዳልሆነ፣ የሰውን በግ ያረደ ሰው የባለቤቱን ስም ስለተናገረ በጉ የእሱ እንደማይሆን በምሳሌ ካስረዱ በኋላ ወደ ሕጉ ገቡ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል፤ በአንድ የተቀዳ ዘፈን ውስጥም ሁለት ዓይነት መብቶች ተደራርበው ይገኛሉ። የመጀመሪያው የደራሲዎቹ፣ ማለትም የግጥሙና የዜማው ባለቤቶች የቅጂ መብት ሲሆን፣ ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት የሚቆይ በመሆኑ ለወራሾች ይተላለፋል። ሁለተኛው የድምፃዊው፣ የተጫዋቾቹና ቅጂውን ያሳተመው ወገን ተዛማጅ መብት ነው፤ እሱም 50 ዓመት ይቆያል። ፈቃድ ሲጠየቅ ሁለቱም ወገኖች መጠየቅ አለባቸው፤ ድምፃዊው ብቻ እሺ ቢል ዜማውን የደረሰው ሰው አልፈቀደም። ጠበቃዋ አክለውም አዋጁ ሆን ብሎ ለሚፈጸም ጥሰት ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በከባድ ቸልተኝነት ለሚፈጸም ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንደሚደነግግ፣ የሞራል ጉዳት ካሣም ከ100,000 ብር እንደማያንስ አስታወሱ። ይህን የጻፉት ልጆችን ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አለመሆኑን መምህራን እንዲያውቁት መሆኑን ግልጽ አድርገዋል።

በ3ኛው መልስ አንድ ወጣት ቪዲዮ ሠሪ፣ ከ30 ሰከንድ በታች የሆነ ቁራጭ ነፃ ነው ሲባል ሁልጊዜ እንደሚሰማና ልጆቹም አሳጥረው እንዲጠቀሙ ሐሳብ ሰጠ። 4ኛው መልስ ትዕግሥት ያጣ ነበር። ጸሐፊው ይህ የ30 ሰከንድ ወሬ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ 7 ሰከንድ እየሆነ የሚዞረው፣ በየትኛው አንቀጽ እንደተጻፈ ማንም አሳይቶ እንደማያውቅ፣ ያላዩትን ሕግ ለተማሪ ማስተላለፍም ነውር መሆኑን በቁጣ ጻፈ። ቃላቱ ከበድ ቢሉም እውነቱ ከእሱ ጋር ነው፤ በአዋጁ አጭር ጥቅስ የተፈቀደ ቢሆንም በሰከንድ የተሰፈረ አይደለም፣ ጥቅስ ማለትም ስለ ሥራው ለመናገር ከሥራው መውሰድ እንጂ ለስሜት ማድመቂያ ከሥር ማንጠፍ አይደለም።

5ኛው መልስ ከሁሉም ይልቅ የተማርኩበት ነው። ጸሐፊው በመርካቶ ካሴት ይሸጡ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው። ፈቃድ ፍለጋ የሚጀመረው ከካሴቱ ሽፋን ወረቀት መሆኑን ነገሩን። ከካሴቱ ቤት የምትወጣውን ያችን የታጠፈች ወረቀት ሲዘረጓት፣ በውስጧ በደቃቅ ፊደል ከእያንዳንዱ ዘፈን ርዕስ ፊት ለፊት ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ ተብሎ ይገኛል፤ ከታች ቅንብር፣ ቀጥሎ ሙዚቃውን ያጀበው ባንድ ወይም የኪቦርድ ተጫዋቹ፣ በመጨረሻም ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ስምና መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው የሚለው መስመር ይከተላል። በአንድ ካሴት ላይ ያሉ 10 ዘፈኖች የ6 እና የ7 ሰው ግጥምና ዜማ መሆናቸው የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ስለ አልበሙ ሳይሆን ስለ ዘፈኑ መጠየቅ ይገባል። እኚህ ሰው ጨምረው እንዳስገነዘቡት፣ አሳታሚ ሙዚቃ ቤቶች በጊዜው ከድምፃዊው ጋር የተዋዋሉት ካሴት አባዝተው ለመሸጥ ስለነበር፣ ዛሬ ስለ ቪዲዮ ማጀቢያ ሲጠየቁ የውል ወረቀቱ ምን እንደሚል መመልከት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ሱቆች ስለተዘጉ ወረቀቱ በማን እጅ እንዳለ ማወቁ ራሱ ሥራ ነው። እኔም በዚያው ሳምንት የአባቴን ካሴቶች አውርጄ ወረቀቶቹን ዘርግቼ አየሁ። የቀበናው ቪዲዮ ላይ የገባውን ትዝታ ስሰማው የኖርኩት ገና በልጅነቴ ነበር፤ የግጥሙን ባለቤት ስም ግን ያነበብኩት ያን ቀን ነው።

በ6ኛው መልስ ጭቅጭቁ ተጀመረ። ጸሐፊው ተማሪዎች ዘፈኑን መጠቀማቸው ለድምፃዊው ማስታወቂያ ስለሆነ ሊመሰገኑ እንጂ ሊከሰሱ እንደማይገባ፣ ደሃ ተማሪን ክፍያ መጠየቅም ግፍ መሆኑን ተከራከረ። ለዚህ 7ኛው መልስ የመጣው ከአንድ የሙዚቃ አቀናባሪ ነው፤ ምሬት የሞላበት ነበር። ለአንድ ዘፈን ቅንብር ሌሊቶችን ስቱዲዮ ውስጥ እንደሚያድር፣ ካሴት ሲቀር ሲዲ፣ ሲዲ ሲቀር ደግሞ ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን በጅምላ የሚጭኑ ሱቆች ገበያውን እንደበሉት፣ ማስታወቂያ የሚሉት ነገርም የልጆቹን ቀለብ እንዳልሸፈነለት ዘረዘረ። 6ኛውን ጸሐፊ ሠርቶ ይሁን ሳይሠራ እንጀራ የሚበላ ሰው መሆኑን እስከ መጠየቅም ደረሰ።

8ኛዋ ጸሐፊ የተማሪ እናት ናቸው። ሁለቱንም ቃላቸውን እንዲመጥኑ ለምነው፣ የ16 ዓመት ልጅ የሚያውቀው ዘፈኑ ስልኩ ውስጥ መኖሩን እንጂ ባለቤት እንዳለው አለመሆኑን፣ ይህንም ያልነገርነው እኛ ትልልቆቹ መሆናችንን ተናገሩ። ከዚያ በኋላ አቀናባሪው በ9ኛው መልስ ተመልሶ ስለ ቁጣው ይቅርታ ጠየቀ። ከዚህ ቀደም 3 ጊዜ ተማሪዎች ደብዳቤ ይዘው መጥተው ያለ ክፍያ እንደፈረመላቸው፣ ከአንደኛው የጠየቀውም ስሙን ሳያሳስቱ እንዲጽፉ ብቻ እንደነበር አጫወተን። ያናደደው ገንዘቡ ሳይሆን ሥራውን በሰው ቪዲዮ ላይ በድንገት መስማቱ ነው።

10ኛውን መልስ ጠበቃዋ ለእኔ ሦስተኛ ጥያቄ ሰጡት፤ ብዙ መምህራን የሚሳሳቱበት ስለሆነ ረዘም አድርጌ እነግራለሁ። የአዋጁ አንቀጽ 11 የታተመ ሥራን ወይም የድምፅ ቅጂን ለማስተማር ዓላማ ማባዛትን የመብቱ ባለቤት ሊከለክል እንደማይችል ይደነግጋል፤ ይህ ግን ከተገቢው ልማድና ከዓላማው መጠን ሳያልፍ፣ ምንጩና የደራሲው ስም በተቻለ መጠን ተጠቅሶ ነው። ስለዚህ መምህሩ በክፍል ውስጥ ስለ ቅኝቶች ሲያስተምር ዘፈን ቢያሰማ፣ ተማሪውም ለምዘና በሚያቀርበው ሥራ ውስጥ የተወሰነ ክፍል ቢጠቀም፣ አንቀጹን መከራከሪያ ማድረግ ይችላል። ያው ቪዲዮ ወደ ዩቲዩብ፣ ወደ ቲክቶክ ወይም ወደ ትምህርት ቤቱ የቴሌግራም ቻናል ሲወጣ ግን ተመልካቹ ክፍሉ ሳይሆን ዓለም ነው፤ ሥራውም ማስተማር መሆኑ ቀርቶ ለሕዝብ ማሰራጨት ይሆናል። የዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ ደግሞ ድምፁን ባለመብቶች ካስመዘገቡት ጋር የሚያስተያይ ኮምፒውተር በመሆኑ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም አይቶ አይራራም። እኔ እስካሁን ትምህርት የምትለዋ አንዲት ቃል በሩን ሁሉ የምትከፍት ይመስለኝ ነበር።

11ኛው፣ 12ኛውና 13ኛው መልሶች ከውጭ አገር የመጡ ናቸው። ከአሜሪካ ሜሪላንድ የጻፉት በእሳቸው ዘንድ ግጥምና ዜማውን ከምስል ጋር ለማጣመር አንድ ፈቃድ፣ ቅጂውን ለመጠቀም ሌላ ፈቃድ እንደሚያስፈልግና ፍርድ ቤት ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት በአንድ ሥራ እስከ 150,000 ዶላር ሊያስከፍል እንደሚችል ነገሩን። ከጀርመን የጻፈው ተማሪ የአገሩ ሕግ ለማስተማሪያ ከአንድ ሥራ እስከ 15 በመቶ እንዲወሰድ የሚፈቅድ ቢሆንም፣ ይህ ለክፍሉ ተማሪዎች እንጂ ለአደባባይ እንዳልሆነ አስረዳ። ከእስራኤል የጻፈችው እህት ደግሞ በአገሯ ሕግ በትምህርት ቤት በዓል ላይ ተማሪዎች ራሳቸው በተማሪዎችና በወላጆች ፊት ዘፈን ቢያቀርቡ እንደሚፈቀድ፣ የበዓሉን ቪዲዮ በኢንተርኔት ማውጣት ግን ሌላ ጉዳይ መሆኑን ጻፈች። ሦስቱም በተለያየ መንገድ ሄደው ጠበቃችን የቆሙበት በር ላይ መድረሳቸው አስደንቆኛል።

14ኛው ጸሐፊ መፍትሔ ያገኘ መስሎት ደስ ብሎት ነበር። በ1961 እና በ1962 የታተሙ ሸክላዎች 50 ዓመት ስላለፋቸው ልጆቹ እነሱን ይጠቀሙ አለ። 15ኛው መልስ የጠበቃዋ ሲሆን፣ ያለፈው የቅጂው ዕድሜ እንጂ የግጥሙና የዜማው እንዳልሆነ፣ ደራሲው ትናንት ቢያርፍ እንኳ ለወራሾቹ ገና 50 ዓመት እንደሚቀር በትዕግሥት አብራሩ። ደራሲዎቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ደግሞ ዘመኑ የሚቆጠረው በመጨረሻ ካረፈው ጀምሮ ነው። እነዚያኑ ሸክላዎች የፈረንሳዩ ሙዚቃ አሳታሚ ቡዳ ሙዚክ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች ስላሳተማቸው፣ በኮምፒውተር ተለይተው ጥያቄ ሊቀርብባቸው እንደሚችልም አስጠነቀቁ።

ሸክላ ሲነሣ ጊዜ የካሴት ነጋዴው በ16ኛው መልስ ወደ ታሪክ ወሰዱን። ሸክላ የማሳተም ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ ወጣቱ አምሃ እሸቴ ክልከላውን ደፍሮ በ1961 አምሃ ሪከርድስን ማቋቋሙን፣ ካይፋ ሪከርድስም በኋላ እንደተከተለ አወሱ። ከጉዳያችን ራቅ ያለ ቢመስልም፣ በእያንዳንዱ ሸክላ ጀርባ አንድ ሰው ገንዘቡንና ነፃነቱን አስይዞ እንደነበር ተማሪዎቼ ቢያውቁ እወዳለሁና አልተቃወምኩም።

17ኛው መልስ ልቤን የነካው ነው። ጸሐፊዋ አባቷ ዜማ ደራሲ የነበሩ ሴት ናት። አባቷ የእናታቸውን ሞት አስበው የደረሱትን እንጉርጉሮ፣ ተማሪዎች ጓደኛቸው ኳስ ሲስት ለሚያሳይ የቀልድ ቪዲዮ አጅበውት በስልኳ ደረሳት። ቤተሰቡ በዚያ ዜማ ለቅሶ እንደተቀመጠ ልጆቹ ከየት ያውቃሉ ብላ አልረገመቻቸውም፤ ነገር ግን ደውለው ቢሆን ኖሮ ያን ዜማ ከልክላ ሌላ የአባቷን የደስታ ዘፈን በነፃ በሰጠቻቸው ነበር። ጠበቃዋ ከሥሩ ባጭሩ እንዳከሉት፣ ሕጉ ደራሲው ክብሩን በሚጎዳ መልክ ሥራው እንዳይዛባበት የሞራል መብት የሚሰጠው ለዚህ ነው። ይህን መልስ አትሜ በክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

18ኛው ጸሐፊ በክሪኤቲቭ ኮመንስ፣ ማለትም ባለቤቱ ሁሉም ሰው በተወሰነ ቅድመ ሁኔታ እንዲጠቀምበት አስቀድሞ በሚሰጠው ፈቃድ የተለቀቁ ሙዚቃዎችንና የዩቲዩብን የድምፅ ቤተ መጻሕፍት እንድንጠቀም ጠቆመ። 19ኛው አመስግኖ አንድ ጥንቃቄ ጨመረ፤ ከክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች መካከል ሥራውን መለወጥ የሚከለክሉት አሉ፣ ሙዚቃን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር ማዋሃድም በእነሱ እንደ መለወጥ ስለሚቆጠር፣ ለቪዲዮ አይሆኑም። ለንግድ አይሁን የሚለው ምልክት ያለበት ሙዚቃም ቪዲዮው ማስታወቂያ ከያዘ ችግር ያመጣል። እውነት ለመናገር፣ ስለ ቀበና ለሚናገሩ አዛውንት ከባሕር ማዶ የተገኘ የፒያኖ ዜማ ማጀቢያ መሆኑን ልቤ አልተቀበለውም፤ ሆኖም ለዜናና ለመግቢያ ይጠቅማል።

20ኛው መልስ አቀናባሪው የጻፈው የደብዳቤ አሠራር ነው። ደብዳቤው በትምህርት ቤቱ ስምና ማኅተም ይወጣል፤ የዘፈኑን ርዕስ፣ የሚወሰደውን ክፍል ከስንተኛው ሰከንድ እስከ ስንተኛው፣ በምን ምስልና ንግግር ሥር እንደሚገባ፣ የት እንደሚታይና ለስንት ጊዜ፣ ገቢ እንደማይሰበሰብበት፣ ስማቸውም በምን ሁኔታ እንደሚጻፍ ይገልጻል። ተማሪዎቹ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ትምህርት ቤቱ ይፈርማል። ከሥር ለባለመብቱ ፊርማና ቀን ቦታ ይተዋል፤ የስልክ እሺታ ለጊዜው ደስ ቢልም ሰው ስልኩን ይለውጣል፣ ቃሉንም ይረሳል። ደብዳቤው የሚላከው ምስሉ ከመቀናበሩ በፊት መሆን አለበት፤ ካለቀ በኋላ የመጣ ሰው የሚለምነው ፈቃድ ሳይሆን ይቅርታ ነው። ባለመብቱ ካልተገኘ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን፣ በማሻሻያ አዋጁ መሠረት የሚቋቋሙትን የጋራ አስተዳደር ማኅበራት፣ ማለትም የብዙ ባለመብቶችን መብት በአንድነት የሚያስተዳድሩትንም መጠየቅ ይቻላል።

21ኛው መልስ ለእኔ የመጨረሻ ነበር፤ የጻፈችውም የክበባችን አባል የሆነች የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። መልሶቹን ሁሉ አንብባ፣ ክራር ስለምትጫወት የራሳቸውን ማጀቢያ ብትቀርጽላቸው ምን እንደሚመስለኝ ጠየቀችኝ። የዚያኑ ዘፈን ዜማ በክራር ብትጫወተው ግን የዜማ ደራሲውን ፈቃድ አሁንም እንደምትፈልግ ከንባቧ ስለተረዳች፣ በትዝታ ቅኝት ከራሷ የሚመጣ ዜማ ለመሞከር አሰበች። ቅኝቱ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ በቅኝቱ የተደረሰው ዜማ ግን የደራሲው ነው።

በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ በመጻሕፍት ግምጃ ቤታችን ውስጥ ቀረጽናት። በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ ስልኩን በአሮጌ የሒሳብ መጻሕፍት ቁልል ላይ አቆምነው። ከውጭ የኳስ ጩኸት እየገባ 4 ጊዜ ደገመችው፤ በየመካከሉ የክራሩን መቃኛ ጠመም እያደረገች ጅማቱን በጆሮዋ ትፈትሽ ነበር። በ5ኛው ላይ ሜዳው ጸጥ አለ። የወሰድነው ከዚህ 48 ሰከንድ ነው። የእናታችን ንግግር ከሥሩ ክራር ብቻ ይዞ ተመልሷል፤ ላፕቶፕ ይዘን ቤታቸው ድረስ ሄደን አሳይተናቸዋል።

ለትዝታው ዘፈንም ደብዳቤ ጽፈናል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሥራ እንፈልገዋለንና። የግጥሙ ባለቤት ፈርመው መልሰውልናል፣ የዚያው ዘፈን አቀናባሪ በስልክ ተስማምተው ወረቀቱን እየጠበቅን ነው፣ የዜማው ደራሲ ስላረፉ ወራሾቻቸውን በማፈላለግ ላይ ነን። ደብዳቤዎቹ በአንድ ሰማያዊ አቃፊ ውስጥ ተቀምጠዋል። በአቃፊው ከሁሉ በፊት የገባው ወረቀት ግን የክራር ተጫዋቿ ነው፤ ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ 48ኛው ለቀበና ወንዝ ቪዲዮ እንድንጠቀምበት መፍቀዷን በራሷ እጅ ጽፋ፣ ከሥሩ አባቷ ፈርመውበታል።